250 ሳጥን ለብቻሽ? ተይ እህቴ

ጥቅምት ከገባ ጀምሮ የሚደርሰኝ ደብዳቤ ሁሉ ስለ ሰርግ ነው። አይገርመኝም። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ሁሉም እዚያች ውስጥ ሊያገባ ይጋፋል። የገረመኝ ሌላ ነው፤ ዘንድሮ ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁልኝ ከከተማው ዳር ናችሁ። ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ለገጣፎ። እኔም የዳር ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ችግሩን አውቀዋለሁ። በግቢ የተጣለ ድንኳን፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳ ንፋስ፣ ልክ በሰዓቱ የሚጠፋ መብራት፣ መንገድ ስቶ የማያውቀው ሰው ሰርግ ላይ ገብቶ የሚበላ እንግዳ። ፎቶ ላይ የምታዩት ሰርግ እነዚህን አያውቅም። አራት ጥያቄ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ አውርቻለሁ፣ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ሰርጌ ጥር ውስጥ ነው፤ ሱሉልታ፣ ቤተሰቦቼ ግቢ፣ ድንኳን ተጥሎ። 250 ሰው ጠርተናል። የዲኮር ዋጋ ጠይቄ ራሴን ይዤ ወጣሁ። ስለዚህ ሁሉንም ራሴ ልሠራ ወሰንኩ፤ ከስቴጁ ጀርባ የሚሆን የወረቀት አበባ፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ የምትሰጥ ትንሽ ሳጥን፣ የጠረጴዛ አበባ፣ የጥሪ ካርዱንም ጭምር። ሥራ እገባለሁ፤ ያለኝ ማታና እሁድ ነው። ሦስት ወር ይበቃኛል? ደግሞ እናቴ ቄጠማ ካልተጎዘጎዘ ሰርግ አይባልም ትላለች፤ እኔ የምፈልገው ነጭ ምንጣፍ ነው። ልንጣላ ነው።
ሙሽሪት፣ ከሱሉልታ

መልስ፦ እስቲ ቁጭ ብለን እንቁጠር። አንዷን ሳጥን ማጠፍ፣ ማጣበቅ፣ ከረሜላ መክተት፣ ሪባን ማሰር። እጅሽ ፈጣን ነው ብለን 6 ደቂቃ እንበል። 250 ሲሆን 1,500 ደቂቃ ነው፤ 25 ሰዓት። ትልቅ የወረቀት አበባ አንዱ 20 ደቂቃ ቢወስድ፣ ስቴጁን ለመሙላት ደግሞ 90 ቢያስፈልግሽ፣ ሌላ 30 ሰዓት። ገና ካርዱን አልነካንም፣ ጠረጴዛውን አልነካንም፣ 55 ሰዓት ሄደ። ማታ ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት ብትሠሪ አንድ ወር ሊሞላ ምንም አይቀረው። በዚያ ወር ውስጥ ደግሞ የልብስ ልክ አለ፣ የጥሎሽ ወሬ አለ፣ ከሚዜዎች ጋር ጭቅጭቅ አለ። እንቅልፍም አለ እኮ።

ሳጥኑን ተዪው። ድግስ ካለቀ በኋላ ወንበር ስር የወደቁ ሳጥኖችን በፌስታል ለቅሜ አውቃለሁ። ሰው ከረሜላዋን አውጥቶ ለልጁ ይሰጣል፤ ያ ሁሉ ማታ የተጎነበስሽበት ሳጥን መሬት ላይ ይቀራል። ለእንግዳ የሆነ ነገር ልስጥ ካልሽ ዳቦ ቆሎ ይሁን። አንድ እሁድ ጎረቤቶችሽንና አክስቶችሽን ጥሪ፣ ቡና ይፈላ፣ ዱቄቱ ይቦካ፣ እያወራችሁ ታድቦለብላላችሁ፣ ትቆራርጣላችሁ፣ ትቆላላችሁ። በደንብ ከደረቀ ሳምንታት ስለሚቆይ የመጨረሻው ሳምንት ጣጣ አይሆንብሽም። ለየሰው በየከረጢቱ አትበይ ግን። በየጠረጴዛው በትንሽ ሰፌድ፣ መውጫው በር ላይ ደግሞ በአንድ ትልቅ አገልግል ይቀመጥ። የፈለገ ይዘግናል። የእጅ ሥራ ማለት ሁሉንም በአንቺ እጅ ማለት አይደለም። አክስትሽ በነጋታው «ያን ዳቦ ቆሎ እኮ እኔ ነኝ የቆላሁት» እያለች ስታወራ ትሰሚያታለሽ፤ የዲኮር ሰው ይህን አይሸጥልሽም።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። የታናሽ እህቴ ሰርግ ሰንዳፋ ነበር። እኔም ልክ እንዳንቺ «ሁሉንም ለኔ ተዉት» ብዬ ተነሳሁ። ሰርጉ ነገ ሊሆን ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ 40 ጠርሙስ በጆንያ ጨርቅ ልሸፍን፣ ያንን በመብራት የሚሞቀውን ሙጫ ሰክቼ ተቀመጥኩ። አሥራ አንደኛው ጠርሙስ ላይ መብራት ጠፋ። ጠበቅን። አልመጣም። ጀነሬተር አመጣለሁ ያለው ሰውዬ ቀብዱን ተቀብሎ ስልኩን ዘግቷል። በሻማ፣ በመርፌና በክር መስፋት ጀመርን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አክስቴ መርፌዋን አስቀምጣ «ለመሆኑ ይህን ጠርሙስ ማን ሊያየው ነው?» አለች። ማንም አላየውም። በእህቴ የሰርግ ፎቶ ሁሉ ላይ ዐይኔ እንዳበጠ አለሁ፤ እስከ ዛሬ ያላግጡብኛል።

የወረቀት አበባውን ግን ሥሪ። 90 አይደለም፣ 25። ትልልቅ ይሁኑ። ክሬፕ ወረቀት ይሻላል፤ ሲለጠጥ ቅጠሉን ያጎብጥልሻል። በፕላስተር አትለጥፊያቸው፣ የሱሉልታ ንፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ አንድ በአንድ እየተገነጠሉ ሙሽራው ራስ ላይ ይወድቃሉ። እያንዳንዱን በቀጭን ሽቦ ከኋላ አስረሽ ሽቦውን ከእንጨት ፍሬም ጋር ጠምዝዢው። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ውጭ አታሳድሪያቸው፤ ጤዛ የነካው ክሬፕ ይሟሽሻል፣ ቀለሙም ይለቃል። ማለዳ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይሰቀል።

የቀረውን ቦታ በባሕር ዛፍ ሙይው። አትሳቂ። በምኒልክ ዘመን ለማገዶ ተብሎ የገባው ይህ ዛፍ እናንተ ሰፈር አጥር ነው፣ ምሰሶ ነው፣ ከእንጦጦ እናቶች በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት ቅጠል ነው። ማንም እንደ ጌጥ አያየውም። ግን ከተቆረጠ ጉቶ ላይ እንደ አዲስ የሚያቆጠቁጠውን ለጋ ቅጠል አይተሽው ታውቂያለሽ? ክብ ነው፣ ብር መሰል፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ውጭ አገር የአበባ ሱቆች የዚህን ዛፍ ዘመዶች ለሰርግ ብለው በእስር በእስር እያሰሩ ይሸጣሉ፤ አንቺ ጋ ግን ባለቤቱን ማስፈቀድ ብቻ ነው። በዋዜማው ይቆረጥ፣ ውሃ ውስጥ ይደር። ነጭ ወረቀት አበባ በዚያ ቅጠል መሃል ሲገባ እንዴት እንደሚያምር በቃል አልነግርሽም። አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ቅጠሉ ዘይት ስላለው እሳት ይወዳል። ከሻማ፣ ከቡናው ፍም፣ ከሚሞቅ አምፖል ይራቅ። ሽታውም ከባድ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ሁሉ ከምትበትኚው ስቴጁ ላይ ብቻ ይሁን።

ለጠረጴዛ እውነተኛ አበባ ከፈለግሽ ትንሽ ይሁን፣ ከፀሐይም ይጠበቅ። አገራችን ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ ናት፤ እርሻዎቹም ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱ፣ የእኛው ጎረቤት ናቸው። ሆኖም ሰርግሽ ወደ ጥር መጨረሻ ከሆነ የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን የሚውልበት የካቲት መጀመሪያ ደርሷል ማለት ነው፤ ቀይ ጽጌረዳው ሁሉ ዐይኑ ወደ አውሮፕላን ነው። ቀይ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አትበይ። ነጭ፣ ክሬም፣ ብርቱካናማ፣ ያገኘሽውን ተቀበይ። (አደይ አበባ ብለው የጠየቁኝም አሉ። አደይ በጥር የለም። ፕላስቲኩን ደግሞ እባካችሁ።)

አበባው በዋዜማው ሲደርስ ግንዱን በሰያፍ ሁለት ሴንቲ ያህል ቁረጪ፣ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ንቀይ፣ በንጹሕ ባልዲ ውሃ ቀዝቃዛ ክፍል ይደር። ውሃው ላይ ጥቂት ጠብታ በረኪና ጠብ ማድረግ እንዳይሸት ይረዳል። እና የትም ይደር፣ ከሙዝ ጋር እንዳይደር! የድግስ ቤት ጓዳ መቼም ይታወቃል፤ ሙዙ፣ ፓፓያው፣ አቮካዶው፣ አበባው አንድ ላይ ይታጎራል። የሚበስል ፍራፍሬ የሚያወጣው ጋዝ አበባን ያስረጀዋል። ጠዋት ስትከፍቺ ቅጠሉ መሬት ላይ ተዘርግፎ ታገኚያለሽ፤ ከዚያ አበባ ሻጩን ትረግሚያለሽ።

አሁን ወደ ቄጠማው። እናትሽ ልክ ናት፣ አንቺም ልክ ነሽ፣ ቦታው ነው የተምታታው። እርጥብ ቄጠማ ሴራሚክ ላይ ሲጎዘጎዝ ያንሸራትታል፤ ተረከዝ ጫማ ያደረገች ሚዜ ስትወድቅ ያየ ያውቀዋል። የነጭ ቬሎ ጫፍ ቄጠማ ላይ ሲጎተት ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል፣ በቀላሉም አይለቅም፣ ቬሎው የኪራይ ከሆነ ጉድ ፈላ። ስለዚህ ከበሩ እስከ ስቴጁ አንቺ የምትሄጂበት ምንጣፍ ይሁን። ቡና የሚፈላበት ጥግ፣ ረከቦቱ ዙሪያ፣ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት ቦታ ቄጠማ ይጎዝጎዝ። ለመልሱ ቀን ደግሞ ግቢው በሙሉ የእናትሽ ነው፤ ያን ቀን የሀበሻ ልብስና ካባ ስለምትለብሺ ቄጠማው ላይ እንደ ልብሽ ጨፍሪ። ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፦ «እማ፣ ቄጠማው ያንቺ ሥራ ነው፣ ማንም አይነካብሽም።» ጭቅጭቁ እዚያው ያልቃል። ከአደሱ ጋር በማለዳ አስመጥታ፣ ውሃ ረጭታ፣ ጥላ ስር ታስቀምጠዋለች። እሷ ከኔም ካንቺም ይልቅ ታውቅበታለች።

ኋላ ላይ ትዝ ያለኝ አንድ ነገር፣ ብርዱ። ጥር ላይ ሱሉልታ ማታ ውርጭ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት እንግዶችሽ ትከሻቸው ባዶ ሆኖ ነው የሚመጡት። ከየቤቱ ጋቢና ነጠላ አሰባስበሽ፣ አጥበሽ፣ አጣጥፈሽ በትልቅ ቅርጫት በሩ አጠገብ አስቀምጪ። ከአበባው ሁሉ ይበልጥ የሚመሰገነው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከፋሲካ በኋላ ነው የምትዳረው። እኔ በእጄ ጥጥ ፈትዬ ጋቢ ላሠራላት እመኛለሁ፤ ጎረቤቴ ግን ዘመኑ አልፎበታል፣ ከሽሮሜዳ የተዘጋጀ ግዢ ትለኛለች። ልጄ በበኩሏ ቬሎዋ ጫፍ ላይ ጥለት ይሰፋልኝ ብላ ይዛኛለች። ያምራል ወይ?
የሙሽራ እናት፣ ከሰበታ

መልስ፦ እናቴ፣ ጎረቤትዎን አይስሙ። ይፍተሉ።

ግን አስተውለው ይፍተሉ። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ሁሉንም በእንዝርት ልፍተል ካሉ ጣትዎም ጊዜዎም አይበቃም። ሸማኔዎቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ድሩን የፋብሪካ ክር ያደርጉና ማጉን ፈትል ያደርጉታል። እርስዎም ማጉን ብቻ ይፍተሉ፤ ልስላሴው የሚመጣው ከእሱ ነው። ከአሁን ጀምረው በቡና ሰዓት እየፈተሉ ቢያስቀምጡ ይደርሳል። ሸማኔውን ግን ዛሬ ያናግሩ። ሽሮሜዳ ያሉት የዶርዜ ሸማኔዎች ከገና በፊት እስከ ጥምቀት ፋታ የላቸውም፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ መሃል ነው የሚሠሩት። የጥምቀቱ ግርግር ሲያልፍ ክርዎን ይዘው ቢሄዱ ተረጋግቶ ይሠራልዎታል። ፈትሉን ሲያስረክቡ አስመዝነው ይስጡ፤ ሥራው ሲያልቅ የተረፈውን መጠየቅ አያሳፍርም።

የጥለቱ ነገር። ቬሎ ላይ? እኔን ከጠየቁኝ አይሆንም። ቬሎ ስስ ጨርቅ ነው፤ ጥለት ወፍራም የጥጥ ሥራ ነው። ከታች ሲሰፋበት ስሱን ይጎትተዋል፣ ያሸበሽበዋል። ከሩቅ ጥሩ ይመስላል፣ ቀረብ ሲሉ የተጣፈ ነው የሚመስለው። ልጅዎ ግን የፈለገችው ጥለቱን ራሱን አይመስለኝም። ከቤቷ የሆነ ነገር ይዛ መውጣት ነው የፈለገችው። እሱን ሌላ ቦታ እናድርግላት። የእቅፍ አበባዋ መያዣ በጥለት ቁራጭ ይጠቅለል፣ ቀለበቱ የሚቀመጥባት ትንሽ ትራስ በጥለት ትሰፋ። የሙሽራው ደረት ኪስ ላይ ከዚያው ጥለት አንዲት ቁራጭ ትታይ። በዚህ ሁሉ ከሁለት ክንድ በላይ አይፈጅም። ልብ ያለ ሰው «የመልስ ቀሚሷን ጥለት ይመስላል» ይላል፤ ልብ ያላለም ምንም አይቀርበት። እኔ እንዲህ ያለውን ቀስ ብሎ የሚታይ ነገር ነው የምወደው።

ጥለቱን ከመግዛትዎ በፊት ግን ነጭ ጨርቅ በውሃ አርሰው ቀዩ ላይ ተጭነው ያሹት። ቀለም ከለቀቀ ይመልሱት። ጸደይም ቢሆን ከፋሲካ በኋላ ያለው ዝናብ አይታመንም፤ እቅፍ አበባውም ራሱ ውሃ ያንጠባጥባል። በነጭ ቬሎ ላይ ቀይ ጠብታ ለማየት ማንም አይመኝም።

ጥያቄ፦ እኔ ወንድ ነኝ፣ ስለ ዲኮር አላውቅም። እጮኛዬ በየጠረጴዛው መሶብ ይቀመጥ ትላለች። ቦታው አዳራሽ ነው፣ 30 ጠረጴዛ። 30 መሶብ ከየት ነው የሚመጣው? ገዝተንስ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት እናስቀምጠዋለን? የወንበር ሪባን፣ የፊኛ ቅስት፣ የመኪና አበባም አለ። ሳልነግራት ምን ልበላት?
ሙሽራው፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ «ሳልነግራት ምን ልበላት» የምትለዋን ሦስት ጊዜ አነበብኳት። ወንድሜ፣ ተጨንቀሃል።

መሶቡን በተመለከተ እውነት አለህ፣ ምክንያትህ ግን ሌላ ይሁን። መሶብ ሰው ከቦት የሚበላባት ናት፤ ቦታዋ መሬት ነው። ጠረጴዛ ላይ ስትወጣ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሰዎች ጭራሽ አይተያዩም፤ አማትህ ከእናትህ ጋር በመሶብ ክዳን ላይ አንገታቸውን እያሰገጉ ሊያወሩ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነገር ከተቀመጠ ሰው ዐይን በታች ይሁን፤ ከ30 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ስለዚህ ሦስት ትልልቅ መሶብ ብቻ በቂ ነው፤ መግቢያው ላይ፣ ቡናው ጋ፣ ኬኩ አጠገብ። አትግዙ። እናትህ ቡፌ ላይ አንድ አለ፣ እናቷ ጋ ሌላ አለ፣ ሦስተኛው የሆነች አክስት ጋ አቧራ እየጠጣ ነው። ከስሩ የባለቤቷን ስም በወረቀት ጽፋችሁ በክር እሰሩ። የሰው መሶብ ጠፍቶ በሰርግ የተጀመረ ቅያሜ አውቃለሁ፤ እስከ ክርስትና ደርሷል።

ለጠረጴዛው ብርሌ። አዎ፣ የጠጁ ብርሌ። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አንድ ጽጌረዳ ቀጥ አድርጎ ይይዛል። 30 ብርሌ፣ 30 አበባ፣ አለቀ። ለመልሱ ታጥቦ ጠጅ ይቀዳበታል፤ ቤት ውስጥም ቦታ አይፈጅም። ስትሸከሙት ግን በጋዜጣ ጠቅልሉት፤ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ። እንግዳው ከነአበባው እንዳይጠጣው ውሃው ላይ ቅጠል ጣል አድርጉበት። ቀልዴን አይደለም፣ ሊጠጣ ሲያነሳው አይቻለሁ።

እጮኛህ ስፌት ከወደደች፣ የወደደችም ይመስለኛል፣ ከሙሽሮች መቀመጫ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በሰፌድ ሙሉላት። ከሁለታችሁም ቤተሰብ ሴቶች አንድ አንድ ሰፌድ ለምኑ። ከስንደዶና ከአክርማ በእጅ የተሰፋ፣ አንዳንዱ በጭስ የጠቆረ፣ አንዳንዱ ቀለሙ የደበዘዘ። ያማረውን ብቻ አትምረጡ። አሥራ አምስት ያህል ከተገኘ ትልቁን መሃል፣ ትንንሹን ዙሪያውን አድርጋችሁ ስቀሉ። ባዶ ግድግዳ ከነበረበት ቦታ የሁለት ዘር ሴቶች እጅ ይሰቀላል። ወስፌ ይዛ ዓመት የለፋች አያት የራሷን ሰፌድ እዚያ ስታየው እንባዋን መቆጣጠር አትችልም፤ ፎቶ አንሺውን አዘጋጁት። እርጥብ አበባ ግን ስፌት ላይ አታስቀምጡ፣ ይሻግታል። የግድ ካላችሁ ውስጡ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይግባ፣ ውሃው እዚያ ይሁን።

የወንበር ሪባን? ተወው። ሰው ይቀመጥበታል። ፊኛ? ፀሐይ ላይ ይፈነዳል፣ ከፈነዳ ሕፃናቱ ያለቅሳሉ፣ ተወው። የመኪናዋ አበባ ይሁንላት፤ በፕላስተር ቀለም ላይ እንዳይለጠፍ ብቻ፣ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። እና ይህን ሁሉ ሳትነግራት አይሆንም። ደብዳቤውን እሷም ታንብበው።

ጥያቄ፦ ሰርጋችን ለገጣፎ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ድንኳኑን የምናገኘው ከእድራችን ነው፤ ጥሩ ድንኳን ነው፣ ግን ጎኑ ላይ የእድሩ ስም በትልቁ ተጽፏል። ዘመዶቼ «ሰው ለቅሶ መስሎት ያዝናል» ብለው ያስቃሉ። እንዴት እንሸፍነው? ሌላስ ምን እንሥራ፣ ገንዘብ የለንም።
ሁለታችን፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ጎረቤቶቼ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። የእድር ድንኳን መዋስ ነውር አይደለም፤ በኀዘናችሁ የቆመ በደስታችሁም ይቁም። ግን ዘመዶቻችሁ እውነት አላቸው፣ አንድ እናት ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ለብሰው ሲመጡ በዐይኔ አይቻለሁ።

ጽሑፉ ያለበትን ጎን ወደ ጓሮ አዙሩት። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚያው ያልቃል። ካልሆነ በውጭ በኩል ምንጣፍ ወይም ሰፋ ያለ ባለ ቀለም መጋረጃ ይሰቀልበት። የውስጡን ጣሪያ ሰዎች በአቡጀዲ ልሸፍን ይላሉ፣ በጣቃ ሲገዛ ርካሽ ስለሆነ። ቆይ! የእድር ድንኳን ውስጥ ነጭ አቡጀዲ የተሰቀለ እንደሆነ ትልልቅ ሰዎች ትዝ የሚላቸው ከፈን ነው። አቡጀዲው ይሁን፣ ግን ቢጫ ወይም ቀለል ያለ ብርቱካን አስነክሩት፣ ወይም በየመሃሉ ባለ ቀለም ጨርቅ አስገቡበት። ከምሰሶ ወደ ምሰሶ በልቅ እየተሰቀለ መሃሉ ረገብ ይበል፤ አይወጠር። ከላዩ ቢጫ ብርሃን ያላቸውን ትንንሽ አምፖሎች ዘርጉ። ማታ ላይ ያ ድንኳን የት እንደዋለ ማንም አያስታውስም።

ገንዘብ የለንም ላላችሁት፣ ከሁሉ በፊት የምትሠሩት የእጅ ሥራ ምልክት ነው። መንገድ ጠቋሚ። ማንም እንደ ዲኮር አይቆጥረውም፣ እኔ ግን የዳር ሰርግ የመጀመሪያው ዲኮር እሱ ነው እላለሁ። የኛ ሰፈር የቤት ቁጥር የለውም፤ «ከወፍጮ ቤቱ ታጠፉ፣ ቀይ በር ታገኛላችሁ» ነው አድራሻው። ቀይ በር ደግሞ አሥር አለ። በስልክ የላካችሁት ካርታ ኔትወርክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የአሮጌ ሳጥን ጣውላ ፈልጉ፣ በነጭ ቀለም ቀቡት፣ ሲደርቅ የሁለታችሁን ስምና ቀስት በወፍራም ብሩሽ ጻፉ። እጁ የሚያምር አንድ ጓደኛ አታጡም። ጽሑፉ ከሚሄድ መኪና ላይ መነበብ አለበት፤ በጥልፍ መሰል ፊደል አትራቀቁ። በየመታጠፊያው አንድ፣ መታጠፊያ በሌለበት ረዥም መንገድ ላይ ደግሞ መንገደኛው እንዳይጠራጠር አንድ። ያንኑ ቀለም ያለው ሪባን በየባሕር ዛፉ ምሰሶ ላይ እሰሩ። ሰው ሪባኑን ሲከተል ገና ድንኳኑ ጋ ሳይደርስ ሰርጉ ውስጥ ገብቷል።

ፊደሉን ለአንድ አዋቂ ሰው አሳዩ ታዲያ። እኔ አንዴ «ሰርግ» ብዬ ብጽፍ ሽማግሌው ከመኪና ወርደው «ንጉሡ ሠ ነው፣ በእሳቱ ሰ ጻፍሽው» ብለው አስረዱኝ፣ ሙሽሮቹ ሊገቡ 10 ደቂቃ ሲቀራቸው። ጥሪ ካርዱም ላይ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በእኛ ሰዓት ጻፉ፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ በስልክ ለብቻው ይነገረው።

ማታ ሰርጉ ሲያልቅ ደግሞ ምልክቱን አንሱት። እኛ መንገድ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት የተተከለ አንድ አለ፤ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ሊያስኬዱ ነው፣ ቀስቱ ግን አሁንም ወደ ቤታቸው ያመለክታል። ባለፈው ጥር ስድስት ሰው በክት ልብሱ፣ ስጦታውን ይዞ፣ በራቸውን አንኳኩቶባቸዋል። ቡና አፍልተው ነው የሸኟቸው አሉ።